መጀመሪያ ምኑን ልቀይር? ትራያል ሳይክል ለምትነዱ የጅማ ልጆች

ክረምቱ ሊገባ ሲል አዌቱ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ስንለማመድ አንድ ልጅ መጣና ስልኩን አውጥቶ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፍሬም አሳየኝ። ሁለት አመት ያጠራቀምኩት ብር አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም አለኝ፣ ይሄን ላስመጣ ወይ አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ሳይክሉን ጠጋ ብዬ የፊት ማርሹ ጫፍ ላይ ካቴናውን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ፊት ሳብኩት፣ ከጥርሱ ላይ ተነሳና በመሃል ብርሃን ታየ። አልቋል ማለት ነው። እንግዲህ ልጁ ጉልበት የሚደርስ ግንብ ላይ የሚዘለው በዛ ካቴና ነው። ፍሬሙን ለጊዜው ተወው አልኩት፣ ከዛ ቁጭ ብለን ያወራነውን ነው እዚ የምጽፍላችሁ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ ብዙ ልጅ ይጠይቀኛል።

እንደሚታወቀው ትራያል የፍጥነት ነገር አይደለም፣ እግር መሬት ሳይነካ ድንጋይ፣ ግንድ፣ ደረጃ እየዘለሉ ማለፍ ነው። ቆማችሁ የኋላ ፍሬን ይዛችሁ፣ በኋላ ጎማ ብቻ ሚዛን ጠብቃችሁ፣ ፍሬኑን ለቅቃችሁ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ትመቱና ትወነጨፋላችሁ። በዛች ቅጽበት ሙሉ የሰውነታችሁ ጉልበት አንድ ካቴና፣ አንድ ፍሪዊል (ፔዳሉን ወደ ፊት ስትገፉ የሚይዘው፣ ወደ ኋላ ስትመልሱ የሚለቀው ማርሽ)፣ አንድ ፔዳል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ነው የማየው፦ መጀመሪያ ሲሰበር የሚጥላችሁን፣ ቀጥሎ የኋላ ፍሬኑን፣ ከዛ ፍሪዊሉን፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ። ከሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ እቃ ምን ያህል እንደከበደ ታውቃላችሁ፣ አንዴ ተሳስታችሁ ከገዛችሁ ሌላ አመት መጠበቅ ነው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ትንሽ ደብተር ያዙና አስር ቀን ስትለማመዱ እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር ለምን እንደነካ ጻፉ። ፍሬኑ ስለተንሸራተተ ነው? ፔዳሉ በባዶ ስለዞረ ነው? ጎማው ስለከዳ ነው? ወይስ እኔው ሚዛን ስቼ ነው? እውነቱን ጻፉ። የኔ ደብተር ላይ ከግማሽ በላዩ "እኔው" የሚል ነበር፣ ለሱ ደሞ የሚገዛ እቃ የለም፣ ልምምድ ነው። ከቀረው ውስጥ ግን የኋላ ፍሬን በጣም በዝቶ ወጣ፣ እኔ ደሞ ደብተሩን ባልይዝ ኖሮ ጎማ ነበር የምገዛው።

አሁን ወደ ሚጥለው ነገር። ሄልሜትና መጋጫ ከሌላችሁ ስለ እቃ ማሰብ አትጀምሩ፣ መጋጫው የኳስ ተጫዋች ቢሆንም ይሰራል፣ ፔዳል ቅልጥም ላይ ሲመታ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ከዛ ካቴና። እኔ አምና ደረጃ ላይ ስዘል ካቴናዬ ተበጥሶ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጭቶ ሁለት ሳምንት አነከስኩ፣ ካቴናው አዲስ ነበር ግን ለባለ ማርሽ ሳይክል የሚሆነው ቀጭኑ ነበር፣ ሻጩ ሁሉም አንድ ነው ብሎኝ እኔም ሳልጠይቅ ወስጄ። ማርሽ የማትቀይሩ ከሆነ ወፍራሙን፣ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ላይ የሚገባውን ጠይቁ፣ ከነማርሹ ጥርስ ስፋቱ መግጠሙን እያያችሁ። ማለቁን ለማወቅ ደሞ የአናጢ ሜትር ይበቃል፣ እዚህ በርጩማ የሚሰራ አናጢ መቼም አይጠፋም፣ ኢንች ያለበትን ተዋሱ። ዜሮውን አንዱ ፒን መሃል ላይ አድርጋችሁ ካቴናውን ወጥሩት፣ 12 ኢንቹ ልክ ሌላ ፒን መሃል ላይ ማረፍ አለበት። የኢንች 1/16ኛ፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈ ጣሉት፣ ለመንገድ ሳይክል ትንሽ ይቆይ ይሆናል ለትራያል ግን አይሆንም።

መሪና ስቴም (መሪውን ይዞ ከሹካው ጋር የሚያያይዘው) ላይ ደሞ አሉሚኒየም እንደ ብረት ጎበጥ ብሎ አያስጠነቅቅም፣ ድንገት ነው ቀጭ የሚለው። መሪው ስቴሙ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ፈትታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ ጸጉር የምታህል መስመር ካያችሁ አበቃ። የጎበጠ የአሉሚኒየም መሪ አታቅኑ፣ በያጅ ጋ አትውሰዱ፣ ጣሉት። ተራ ማውንቴን ሳይክል ለትራያል ያደረጋችሁ ካላችሁ (ብዙዎቻችን እንደዛ ነን) ሞላ ያለው የፊት ሹካ የምትዘሉበትን ጉልበት ይበላባችኋል፣ ርካሹ ደሞ ይላላል፣ ሞላ የሌለው የብረት ሹካ ካገኛችሁ እሱን አስገቡ። ስትገዙ ከጎማው አክስል እስከ ሹካው ራስ ያለውን ርዝመት ለኩና ከበፊቱ ጋር የሚቀራረብ ውሰዱ፣ በጣም ካጠረ ሳይክሉ ወደ ፊት ይደፋባችኋል።

የኋላ ፍሬን። ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ችላ የሚለው ይሄን ነው። የኋላ ፍሬናችሁ ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ካልያዘ በኋላ ጎማ መቆም አትችሉም፣ መቆም ካልቻላችሁ ደሞ ትራያል የለም። መጀመሪያ ነጻውን ነገር ሞክሩ፦ ጓደኛችሁ ሳይክሉ ላይ ቁጭ ብሎ የኋላ ፍሬኑን በሙሉ ሃይሉ ይጨብጥ፣ እናንተ ከኋላ በርከክ ብላችሁ ፍሬኑ የታሰረባቸውን ሁለቱን ቱቦዎች እዩ። በጨበጠ ቁጥር ወደ ውጭ ይከፈታሉ አይደል? ያ ሁሉ ጉልበት ቸርኬውን መያዝ ሲገባው ፍሬሙን ለመክፈት ነው የሚባክነው። መፍትሄው ሁለቱን ጎን የሚያያይዝ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ወፍራም ብረት ነው፣ ቡስተር ይባላል፣ እኔ የኔን ሂርማታ ብረት ቤት ካርቶን ላይ ቅርጹን ስዬ አስቆርጬ ሁለት ቀዳዳ አስበስቼ ነው የገጠምኩት፣ ከገዛሁት ነገር ሁሉ ይበልጣል። ከሱ ጋር አዲስ ገመድ ከነሽፋኑና ጥሩ የፍሬን ጎማ። ይሄ ሶስቱ ተደምሮ ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ቸርኬውን በግራይንደር መጫር የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል፣ ይሰራል፣ ፍሬኑ ይነክሳል፣ ድምጹም ሰፈር ይሰማል። ግን ቀስ ብላችሁ ላይ ላዩን ብቻ፣ ጎን ለጎን በእኩል ርቀት መስመር መስመር እያወጣችሁ ነው እንጂ አንድ ቦታ ላይ ካቆማችሁበት ቸርኬው ይሳሳል። የፍሬን ጎማም ቶሎ ይበላል፣ ትርፍ ያዙ። የኛ አገር ዝናብ ደሞ ሌላ ነው፣ ለስላሳ ቸርኬ ረጥቦ ቀይ ጭቃ ሲለብስ ያዝ ብትሉት አይዝም፣ ስለዚህ ክረምት ላይ የሚለማመድ ሰው ወይ ይጫር ወይ ዲስክ ፍሬን ይፈልግ። የዘይት ፍሬን ያላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ማጉራና ሺማኖ የሚጠቀሙት ሚኒራል ዘይት ነው። እዚህ መለዋወጫ ሱቅ የፍሬን ዘይት ስትሉ የሚሰጧችሁ የመኪና ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው፣ እሱ ውስጡ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች ያበላሻቸዋል። ዶት የሚጠቀም የሳይክል ፍሬንም አለ፣ ስለዚህ እጀታው ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ነው የምትሞሉት።

ቀጥሎ ፍሪዊል። ፔዳሉን ትንሽ ወደ ኋላ መልሱና ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ግፉት፣ ቀጭ ብሎ እስኪይዝ ድረስ ስንት ይሄዳል? በአንድ ዙር 18 ቦታ ብቻ የሚይዝ ከሆነ በየ20 ዲግሪው ነው፣ 72 ከሆነ በየ5 ዲግሪው፣ 108 ከሆነ ደሞ ወደ 3.3 ይወርዳል። በተለመደው 170 ሚሊ ሜትር የፔዳል ክንድ 18ቱ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል በባዶ ያስኬዳችኋል፣ 72ቱ ቢበዛ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ልትወነጨፉ ስትሉ እግራችሁ አየር የሚመታው ለዚህ ነው። ትክክለኛ የትራያል ሳይክል ላይ ፍሪዊሉ ፊት ክራንኩ (የፔዳሉ ክንድ) ላይ ነው፣ የኋላው ማርሽ ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። ያንን ለመግጠም ክራንኩም ሞዞውም ይቀየራል፣ ውድ ነው፣ ለዛ ነው ሶስተኛ ያደረኩት። እስከዛ ድረስ ማርሹን ብቻ አስተካክሉ፦ 26 ኢንች ጎማ ላይ ፊት 18 ኋላ 15 ነው የተለመደው፣ ማውንቴን ሳይክል ከሆነ ደሞ ፊት ትንሿ 22 ጥርስ ኋላ 18 ብታደርጉ ያው ወደዛው ነው። 20 ኢንች ላይ 18 በ12። ትልቁን የፊት ማርሽ አትጣሉት፣ ጥርሱን በሞረድ ወይ በግራይንደር ጨርሳችሁ መልሳችሁ ግጠሙት፣ ድንጋይ ላይ ስታርፉ ካቴናችሁን የሚጠብቅ ጋሻ ይሆናል።

ጎማ፦ የኋላው ሰፊ ይሁን፣ ፍሬሙ ካስገባ እስከ 2.5 ኢንች፣ ነፋሱን ቀነስ አድርጉ፣ ግን ሲያርፍ ቸርኬው ድንጋዩን እስኪነካ አይደለም። ፔዳል ጠፍጣፋና ጥርስ ያለው። መቀመጫውን እስከታች ዝቅ ማድረግ ነጻ ነው፣ ዛሬውኑ አድርጉት። ቀላል ቡሎን፣ ባለ ቀለም ቸርኬ ምናምን ለመጨረሻ ይቆይ።

አዲስ አበባ መርካቶ ሰው ስትልኩ ወይ ከውጭ ስታስመጡ ቀላሉንና ትንሹን አስቀድሙ፣ ካቴናና የፍሬን ጎማ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሹካ ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ላይ ተንገላቶ ነው የሚመጣው፣ ሲደርስ አክስሉ የሚገባበትን ቦታ እዩት። የገጠማችሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው አንድ ሰአት ልምምድ በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ፣ በተለይ የክራንኩን ቡሎን።

ፍሬሙን በተመለከተ ለዛ ልጅ ያልኩት ይሄን ነው፣ ፍሬም የሚቀየረው ሲሰነጠቅ ወይ ቁመትህን ሲያንስህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ጭቃውን አጥበህ አድርቀህ ሁለት ቦታ እይ፣ የመሪው አንገት ስር ያለውን ብየዳና ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ቱቦዎች መነሻ ላይ። ቀለሙ በመስመር ከተነሳ ጥፍርህን አስኪድበት፣ ጥፍር ከያዘ ስንጥቅ ነው፣ አሉሚኒየም ከሆነ ደሞ በብየዳ ሙቀት ጥንካሬው ስለሚወርድ አስበይደህ አትዝለልበት። የሱን አብረን አየነው፣ ንጹህ ነበር። ካቴና፣ ገመድና የፍሬን ጎማ ገዛ፣ ቡስተሩን በኔ ካርቶን አስቆረጠ፣ የተረፈው ብር ለፍሪዊሉ ተቀምጧል።