አሸዋ ላይ ሲሰምጥ፣ ዋልካ ላይ ሲንሸራተት፦ የጭነት መኪና ጎማ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ጎማ ተገዝቶ ዓመት ሳይሞላው ሲቆረጥ ወይም ሲላጥ መጀመሪያ የሚሰደበው ብራንዱ ነው። "ፌክ ነው" ይባላል፣ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጎማው ምንም አላጠፋም። ለአንድ መሬት የተሠራ ጎማ ሌላ መሬት ላይ ስለዋለ ነው።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ይሄ በቀላሉ ይመጣል። ያው አንድ አይሱዙ ከደጀን ደብረ ማርቆስ በአስፋልት ይሄዳል፣ ጤፍ ሊጭን ቢቸና ወይ ደብረ ወርቅ አካባቢ ገጠር ገብቶ ዋልካ (ሲረጥብ የሚለጠፍ ጥቁር አፈር) ይረግጣል፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ወንዝ ወርዶ አሸዋ ይጭናል። ሦስቱ መሬት ሦስት ዓይነት ጎማ ነው የሚፈልገው። ሦስቱንም እኩል የሚችል ጎማ የለም፣ ሻጩ "አለ" ካላችሁ ዋጋውን ሊያስጨምራችሁ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌው ጎማ ምን ሆኖ እንደሞተ እዩት። ሁሉም ነገር እሱ ላይ ተጽፏል።

አሸዋ ላይ ጎማው ይዞራል፣ መኪናው ይሰምጣል

የወንዝ አሸዋ የሚያመላልስ ሁሉ ያውቀዋል። ባዶ መኪና ሰተት ብሎ ይገባል፣ ይጫናል፣ ሊነሳ ሲል የኋላ ጎማ ሁለቴ ሦስቴ ይዞርና አክስሉ አሸዋው ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ አካፋ ፍለጋ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። "ጥርሱ ስላለቀ ነው" ተብሎ ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ይገዛል፣ መኪናው ይባስ ይሰምጣል። ጭቃ ላይ ጥርስ ይጠቅማል፣ ዘልቆ ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛልና። ደረቅ አሸዋ ሥር ግን የሚያዝ ነገር የለም። ጥርሱ እንደ አካፋ እየዛቀ ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ጉድጓዱን የሚቆፍርላችሁ ራሱ ጎማው ነው። አሸዋ የሚፈልገው ጥርሱ ያልጠለቀ፣ ጎኑ የሚለጠጥ፣ ሰፋ ያለ ራዲያል (የውስጥ ክሩ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ) ጎማ ነው። ሚሽሊን ለበረሃ መኪኖች የሠራው ኤክስኤስ የሚባል ጎማ አለ፣ ስታዩት ጥርሱ ጥልቀት የለውም፣ ያለቀ ነው የሚመስለው። እኛ ጋ እሱን መግዛት ቅንጦት ነው፣ ሐሳቡን ግን መውሰድ ይቻላል፦ ግማሽ ያለቀ የአስፋልት ጎማ ደረቅ አሸዋ ላይ ከአዲስ የጭቃ ጎማ ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን ንፋሱ ነው። ጎማ መሬቱን የሚጫንበት ግፊት ውስጡ ካለው ንፋስ ግፊት ጋር ይቀራረባል። በፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) 100 የተሞላ ጎማ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 7 ኪሎ ገደማ ይጫናል ማለት ነው፣ ልቅ አሸዋ ደግሞ ይሄን አይሸከምም። ንፋሱን ስትቀንሱ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል በተለይ ወደ ርዝመቱ ይሰፋል፣ ክብደቱ ይበተናል። በቂ መቀነሱን ለማወቅ ቀስ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ሂዱና ረዳቱ ወርዶ የፊት ጎማውን ፊት ይይ። ጎማው ከፊቱ የአሸዋ ክምር እየገፋ ከሆነ ገና ጠጣር ነው። ክምሩ ጠፍቶ ጎማው አሸዋውን እየረገጠ የሚያልፍ ከሆነ ተስተካክሏል።

ምን ያህል ይቀነስ? ባዶ መኪና ከሆነ ከተለመደው ሩብ ያህል መቀነስ ይቻላል፣ ቀስ ብሎ እስከተነዳ ድረስ። ጭነት ላይ ግን ተጠንቀቁ። 50 ኩንታል ይዞ ጎማ ማለስለስ ለጥቂት መቶ ሜትር፣ ያውም በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ ካልሆነ ጎማውን መግደል ነው። ጠንካራ መሬት ላይ ስትወጡ ሳትውሉ ሳታድሩ ሙሉት። ፍሬኑ በንፋስ የሚሠራ መኪና ካላችሁ ከንፋስ ታንከሩ በጎማ ቱቦ መሙላት ይቻላል። ትንሹ አይሱዙ ላይ ይሄ የለም፣ ኮምፕሬሰር መያዝ የግድ ነው። መልሶ መሙያ ከሌላችሁ ንፋስ አትቀንሱ፣ በቃ።

ሌላው የማይታሰብ ነገር የኋላ ጥንድ ጎማ ነው። የፊቱ አንድ ጎማ መንገድ ከፍቶ ያልፋል፣ የኋላው ጥንድ ከዚያ ስለሚሰፋ የራሱን አዲስ መንገድ መክፈት አለበት፣ ሞተሩም በዚያው ልክ ይጎተታል። የበረሃ መኪኖች ከኋላም ሰፊ ነጠላ ጎማ የሚያስሩት የኋላው የፊቱን ዱካ እንዲረግጥ ነው። እኛ ጥንዱን መቀየር ስለማንችል የምናደርገው፣ ባዶ ስንገባ በረገጥነው ዱካ ላይ ተመልሰን መውጣት ነው። መኪናውን ከመጫኑ በፊት አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሩት። የሚጫነውም ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ ይሁን፣ ጫኞቹ አሥር እርምጃ ቢጨመርባቸው ያጉረመርማሉ እንጂ አይጎዱም። ስትቆሙ ፍሬን አትርገጡ፣ ተንከባልሎ ይቁም። ስትነሱ መሪው ቀጥ ይበል። ጎማ መዞር ከጀመረ ወዲያው እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንሱ፣ ማገገሚያው ያኔ ነው፣ ወደ ኋላ በራሳችሁ ዱካ ትንሽ ተመለሱና እንደገና ሞክሩ።

ላይ አገር ደመና ካያችሁ ደግሞ ጭነት ቀርቶ ውጡ። ወንዙ አጠገባችሁ ሳይዘንብ ይሞላል።

ቫልቩ ተበጠሰ፣ ወይም ዘመመ

ጎማው ምንም አልተወጋም፣ ካላማዳሪው (ውስጡ ያለው ንፋስ የሚይዝ ላስቲክ) ግን ቫልቩ ሥር ተቀዷል። ጎሚስታው ደጋግሞ ካላማዳሪ ይቀይራል፣ ይመለሳል። ይሄ ከንፋስ ማነስ ነው። ጎማው ለስልሶ በኃይል ሲጎተት ቸርኬው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ውስጥ ይንሸራተታል፣ ካላማዳሪው አብሮት ይዞራል፣ ቫልቩ ግን የቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ስለተያዘ ይጎተታል። አንድ ቀን ቫልቩ ቀጥ ከማለት ይልቅ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ካያችሁ ሊበጠስ ነው ማለት ነው።

ለዚህ በነጭ ጠመኔ ቸርኬውና የጎማው ጎን ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አሸዋ ወይ ጭቃ ስትወጡ መስመሩ ከተለያየ ጎማው ተንሸራቷል፣ አውርዳችሁ አስተካክሉት። ፍላፑም (በካላማዳሪውና በቸርኬው መሀል ያለው ላስቲክ) ሳይረሳ ይታይ፣ የተጨማደደ ፍላፕ ካላማዳሪውን እየፈተገ ነው የሚበሳው። ለሥራችሁ ሁልጊዜ ንፋስ መቀነስ ካስፈለገ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ከነቸርኬው መቀየሩን አስቡበት። እሱም ቢሆን ከልክ በላይ ከለሰለሰ ጠርዙ ከቸርኬው ወልቆ ንፋሱን በአንዴ ይለቃል።

ክረምት ዋልካ ላይ ጎማው ጭቃ ለብሶ ይንሸራተታል

ዋልካ ሲረጥብ ጥርሱ መሀል ገብቶ ይሞላል፣ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ጥርሱ ቢበዛም ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ አይረዳም። ስለዚህ ለዚህ መሬት የኋላ ጎማ ስትመርጡ የጥርሱን ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ክፍተቱ ሰፊና እስከ ጎን ድረስ የተከፈተ ከሆነ ጭቃው ሲዞር እየተወረወረ ይወጣል። እዚህ ላይ ከአሸዋው በተቃራኒ ትንሽ ማዞር ይጠቅማል፣ ጎማው ራሱን ያጸዳል። ሰንሰለት ካላችሁ የውጪኛው የኋላ ጎማ ላይ እሰሩ፣ ሳትሰምጡ በፊት እንጂ ከሰመጣችሁ በኋላማ ማን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ያስራል።

እውነቱን ለመናገር ግን ጭነት ይዞ እርጥብ ዋልካ የሚያሻግር ጎማ እስካሁን አልተሠራም። ከዘነበ በኋላ ላዩ ደርቆ ስታዩ አትሸወዱ፣ ቅርፊቱ ሥር ያለው ገና ሊጥ ነው። ጠብቁ። ወደ ቡሬ፣ ዳንግላና እንጅባራ ያለው ቀይ አፈር ግን ሌላ ነው። ላዩ ሳሙና ነው፣ ሥሩ ብዙ ጊዜ ይይዛል፣ ለአስፋልትና ለጠጠር የሚሆን ቅልቅል ጥርስ ይበቃዋል።

የጎማው ጎን ይቆረጣል፣ ድንጋይ ይነክሳል

ጠጠር መንገድ ላይ ነው ይሄ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ስለሚያብጥ ስለታም ድንጋይ ጎኑን ያገኘዋል፣ የጎን ቁስል ደግሞ በተራ ልጥፍ አይድንም። ንፋሱ ከመጠን በላይ የበዛበት ደግሞ ስለማይለጠጥ ድንጋዩ ጥርሱን ይቆርጠዋል። አሸዋ ላይ ለስልሶ የነበረ ጎማ ሳይሞላ ጠጠር ላይ ሲሮጥ ነው ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው።

በጥንዱ መሀል የተሰነቀረ ድንጋይ የሁለቱንም ጎማ ጎን ይበላል። በቆማችሁ ቁጥር ረዳቱ መሀሉን ይይ፣ በተለይ ጭቃ ከደረቀበት፣ ድንጋዩ ጭቃው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣልና። ጥንዶቹም እኩል ቁመት ይኑራቸው። አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ካሰራችሁ ትልቁ ብቻውን ጭነቱን ይሸከማል፣ ይግላል። የሁለቱ ዲያሜትር ልዩነት ከ6 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አባይ በረሃ ሲወረድ ጎማው ይፈነዳል

ከጎሐ ጽዮንም ሆነ ከደጀን ወደ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከታች ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። ሾፌሩ ከፍ ባለ ማርሽ ለቆት ፍሬን እየረገጠ ሲወርድ የፍሬኑ ከበሮ ይግላል፣ ግለቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ጠርዝ ይሄዳል። ጎማው "በፀሐይ ፈነዳ" ይባላል። ፀሐይ ብቻዋን አይደለችም፣ ፍሬኑ ነው፣ ከላይም ሲነሳ ንፋሱ ያነሰ ከነበረ ያ ተጨምሮበት ነው።

ከላይ ሳትወርዱ ሞተሩ የሚይዝበት ከባድ (ዝቅ ያለ) ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬን ለአጭር ጊዜ ረግጣችሁ ልቀቁ። ታች ቆማችሁ ጎማው ቢግል ንፋስ አታስተንፍሱ። ሲግል ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው፣ ካስተነፈሳችሁት ሲበርድ ይጎድላል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ ዳገቱ ላይ ይባስ ይግላል። ውሃም አትድፉበት። ቆሞ ይቀዝቅዝ። የታደሰ (ጥርሱ አልቆ አዲስ ጥርስ የተለጠፈበት) ጎማ ደግሞ በምንም ሂሳብ ፊት ላይ አይታሰር።

ጥርሱ ቶሎ ያልቃል

ባጭሩ፦ ሁለቱ ዳር ካለቀ ንፋስ አንሷል፣ መሀሉ ካለቀ በዝቷል፣ አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ አላይመንት አሠሩ፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ኩሽኔታውንና ሾኩን እዩ።

ስትገዙ ጎኑን አንብቡ

12.00R20 ማለት ስፋቱ 12 ኢንች፣ ቸርኬው 20 ኢንች፣ R የምትለው ፊደል ደግሞ ራዲያል መሆኑን ትነግራችኋለች። በዚያች ፊደል ቦታ ሰረዝ ካለ ናይለን የሚባለው ነው፣ ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ ይችላል፣ ግን ይግላል፣ አሸዋ ላይም እንደ ራዲያል አይለጠጥም። 12R22.5 ካላማዳሪ የለውም። 154/150 ዓይነት ቁጥር የመሸከም አቅሙ ነው፦ ነጠላ ሲታሰር 3,750 ኪሎ፣ በጥንድ እያንዳንዱ 3,350። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ፊደል ፍጥነት ነው፣ ኬ ከሆነ በሰዓት 110 ኪሎሜትር።

ከዚያ ባለአራት አሃዙን ፈልጉ። 2319 ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ አካባቢ ማለት ነው። ከኮንቴይነር የወጣ "አዲስ" ጎማ ስድስትና ሰባት ዓመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ጎኑን በጣት ጨምቃችሁ እዩ፣ ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ ለሌላ ሰው ተዉለት።

ለአብዛኛው የጎጃም ሥራ እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ፊት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያለው የመንገድ ጎማ፣ ኋላ ላይ ቅልቅል ጥርስ፣ ክረምት ዋልካ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ኋላውን ብቻ ክፍተቱ ሰፊ በሆነ መቀየር። አሸዋ ብቻ ለሚጭን ልዩ ጎማ መግዛት አይጠበቅበትም፣ የንፋስ መለኪያ ጌጅና ኮምፕሬሰር ይግዛ።

ሲታሰርም አንድ ነገር። ቀለበት ያለው ቸርኬ ላይ ንፋስ ሲሞላ ቀለበቱ በደንብ ካልገባ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ንፋሱ ጎድሎ ብዙ የተጓዘ ጎማም የጎኑ ሽቦ ተሰባብሮ ሊሆን ስለሚችል ሲሞላ በጎኑ ይተረተራል። ጎሚስታው በረጅም ቱቦ ከጎን ርቆ ይሙላ፣ እናንተም ከጎማው ጎን ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ረዳቱንም ከላዩ ላይ አስነሱት።