«አስጠገንኩ» በእንግሊዝኛ ስንት መልክ አለው? የሜክ፣ የሌት፣ የሃቭ እና የጌት አጠቃቀም

«መኪናዬን አስጠገንኩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ለመናገር የፈለገ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር መወሰን ይኖርበታል፤ ጠጋኙ ሥራውን የሠራው ተከፍሎት ነው፣ ተለምኖ ነው፣ ተገዶ ነው ወይስ ተፈቅዶለት? አማርኛ ይህን ሁሉ «አስ» በሚለው ቅጥያ ጠቅልሎ ያልፈውና ዝርዝሩን ለአውዱ ይተወዋል። እንግሊዝኛ ግን ይህንኑ የአስደራጊነት ሥራ በዋናነት ለአራት ግሶች፣ ማለትም ለሜክ፣ ለሌት፣ ለሃቭ እና ለጌት ስለሚያከፋፍል፣ ተናጋሪው በመረጠው ግስ የሰዎቹን ግንኙነት አብሮ ይገልጣል።

በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሃቭ ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይበጃል። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ለማለት «አይ ከት ማይ ሄር» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እንግሊዛዊው አድማጭ ግን ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ በገዛ እጁ ፀጉሩን እንደቆረጠ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ትክክለኛው አባባል «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት» ነው። ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ሃቭ፣ ቀጥሎ የሚሠራለት ነገር፣ በመጨረሻም የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ነው፤ ሦስተኛ ቅርጽ ስንል በትምህርት ቤት «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን ከሸመደድነው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ያለውን ማለታችን ነው።

ይህ አሰካክ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዳ ሊሆን አይገባም። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ»፣ «ጥርሴን ተነቀልኩ»፣ «ዓይኔን ተመረመርኩ» ስንል በ«ን» የታሰረ ተሳቢና ተደራጊ ግስ ጎን ለጎን እናቆማለን፤ ሥራውን የሠራው ሌላ ባለሙያ መሆኑም ሳይነገር ይታወቃል። የእንግሊዝኛው «አይ ሃድ ማይ አይስ ቴስትድ» የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሴቶች «ፀጉሬን ተሠራሁ» የሚሉት «አይ ሃድ ማይ ሄር ደን» ይሆናል፤ ሹሩባ ከሆነ ደግሞ «ደን» በሚለው ቦታ «ብሬይድድ» ይገባል። በ«አስ» የሚጀምሩት «ቤቱን አስቀባሁ» እና «ጫማዬን አስጠረግሁ» የመሳሰሉትም ወደዚሁ አሰካክ ይገባሉ። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ በሮች የሆኑት ተደራጊና አስደራጊ እዚህ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ።

በዚህ አሰካክ የቃላቱ ቦታ ቀልድ አያውቅም። «አይ ሃድ ማይ ካር ሪፔርድ» ማለት መኪናዬን አስጠገንኩ ማለት ሲሆን፣ «አይ ሃድ ሪፔርድ ማይ ካር» ማለት ግን ቀደም ብዬ ራሴ ጠግኜው ነበር ማለት ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው የ«ማይ ካር» መቀመጫ ብቻ ነው። ጥያቄና አፍራሽ ዓረፍተ ነገር ሲሠራም ሃቭ እንደ ተራ ግስ ስለሚቆጠር ዱ ወይም ዲድ ያስፈልገዋል። «ዲድ ዩ ሃቭ ዮር አይስ ቴስትድ?» እና «አይ ዲድንት ሃቭ ኢት ሪፔርድ» ይባላል እንጂ «አይ ሃድንት ኢት ሪፔርድ» አይባልም። ሥራው በመካሄድ ላይ ከሆነም «ዊ አር ሃቪንግ ዘ ሃውስ ፔንትድ» ማለት ይቻላል፤ «አለኝ» በሚል ትርጉሙ አይ-ኤን-ጂ የማይወደው ሃቭ እዚህ ላይ ያለ ችግር ይቀበለዋል።

በዚሁ አሰካክ ሃቭን በጌት መተካት ይፈቀዳል። «ፀጉርህን የት ነው የምትቆረጠው?» ብሎ ጓደኛን ለመጠየቅ «ዌር ዱ ዩ ጌት ዮር ሄር ከት?» የሚለው በጣም የተለመደ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን ሃቭ ይሻላል።

በፈቃድ ያልሆነ፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳትም በሃቭ ይነገራል። «ስልኳን ተሰረቀች» የሚለውን «ሺ ወዝ ስቶለን» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሴትዮዋን ራሷን ሌባ ወሰዳት ማለቱ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ቢባል ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ሺ ሃድ ኸር ፎን ስቶለን» ይባላል። በዚህ ቦታ ጌት ቢገባ ስህተት ባይሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ የራሷ ቸልተኝነት አለበት የሚል ቃና ስለሚጨምር ሃቭን መምረጥ ጥሩ ነው።

ሃቭ ከሰው ጋር ሲመጣ አሰካኩ ይለወጣል፤ ከሰውየው በኋላ የሚመጣው ግስ ምንም ሳይጨመርበት በመጀመሪያ ቅርጹ ይቀመጣል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሐኪም ቤት ወይም ቢሮ ደውለው የፈለጉትን ሰው ሲያጡ «አይል ሃቭ ሂም ኮል ዩ ባክ» የሚል መልስ ይሰማሉ። «እንዲደውልልዎ እነግረዋለሁ» ማለት ነው። ማንም አልተገደደም፤ ሥራው ስለሆነ ይደውላል። ይህ አነጋገር በብሪታንያ ካለው ይልቅ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ይዘወተራል።

ሰውየው ሥራው ስለሆነ ሳይሆን ተለምኖ፣ ተባብሎ ወይም ተመክሮ ካደረገው ቦታው የጌት ነው፤ በዚህ ጊዜ «ቱ» የግድ ይገባል። «አይ ጎት ማይ ብራዘር ቱ ሄልፕ ሚ» የሚል ሰው ወንድሙ እንዲረዳው ጥቂት እንደደከመ ይነግረናል። ጠዋት በብርድ አልነሳ ያለ መኪናም እንደ እልኸኛ ሰው ይቆጠርና «አይ ካንት ጌት ዘ ካር ቱ ስታርት» ይባላል።

ሜክ ሁለት ዓይነት ነገር ይገልጻል። አንደኛው ማስገደድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የማንም ፈቃድ የሌለበት ውጤት ነው። «ሂ ሜድ ሚ ላፍ» አሳቀኝ ነው፤ «ዩ ሜድ ሚ ሃፒ» አስደሰትከኝ ነው። ከሜክ በኋላ «ቱ» አይገባም፤ ይሁንና ዓረፍተ ነገሩ ወደ ተደራጊ ሲዞር የጠፋው «ቱ» ይመለሳልና «ሂ ወዝ ሜድ ቱ ዌይት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው በመዝሙር 23 ላይ «ሂ ሜኬዝ ሚ ቱ ላይ ዳውን» የሚለውን አይቶ ግር ሊለው ይችላል፤ የአማርኛው «ያሳድረኛል» የሚለው ቦታ ነው። ያ የጥንቱ አነጋገር ስለሆነ ዛሬ አይከተሉት።

በእኔ አስተያየት ተማሪዎቻችን ከሁሉ አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በ«አ» ወይም በ«አስ» የሚጀምር ግስ ባዩ ቁጥር ሜክን ይጠራሉ። «ልጄን አበላሁት» ለማለት «አይ ሜድ ማይ ሰን ኢት» ያለች እናት ሳታስበው ልጇን አስገድዳ እንዳበላች ትናገራለች፤ ልትለው የፈለገችው «አይ ፌድ ማይ ሰን» ነው። አሳደገ፣ አሳየ፣ አስተማረ፣ አስታወሰ፦ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ የየራሳቸው ግስ አላቸው። እንግዳን ወንበር ስቦ ማስቀመጥም ጨዋነት ነውና በሜክ አይነገርም።

ሌት የፈቃድ ግስ ነው፤ እሱም «ቱ» አይወድም፣ በኃላፊ ጊዜም ቅርጹ አይለወጥም። ተደራጊ ሲያስፈልግ ግን ሌትን ትቶ «ወዝ አላውድ ቱ» ማለት ይቀላል። በአማርኛ «ላስብበት» የምንለው «ሌት ሚ ቲንክ አባውት ኢት» ነው፤ «እንሂድ» ደግሞ «ሌትስ ጎ»። «አሳውቀኝ» እንኳ አስደራጊ ሆኖ ሳለ «ሌት ሚ ኖ» ይሆናል።

ለመለማመድ አንድ አማርኛ ግስ ይዞ ሁኔታውን እየቀያየሩ መሞከር ይጠቅማል። «አስጠበቀችኝ» የሚለውን እንውሰድና ባለጉዳዩ ሐኪም ቤት ነው፣ አስጠባቂዋም ነርስ ናት እንበል። በንዴት ከሆነ የሚያወራው «ሺ ሜድ ሚ ዌይት» ይላል። አሠራሩ ስለሆነ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ነግራው ከሆነ «ሺ ሃድ ሚ ዌይት» ያስኬዳል። ውጭ ዝናብ ስለነበረ ገብቶ እንዲጠብቅ ፈቅዳለት ከሆነ «ሺ ሌት ሚ ዌይት ኢንሳይድ» ይላል። እሷ በበኩሏ በመጨረሻ ብቅ ብላ «ስላስጠበቅኩዎ ይቅርታ» ለማለት ከአራቱ አንዱንም አትጠቀምም፤ በአምስተኛ ግስ፣ በኪፕ፣ «ሶሪ ቱ ኪፕ ዩ ዌይቲንግ» ትላለች።