የጣልያንኛ የዝምድና ቃላትን ሳያምታቱ እንዴት መማር ይቻላል?

በመጀመሪያ ፓድሬ (አባት)፣ ማድሬ (እናት)፣ ፍራቴሎ (ወንድም)፣ ሶሬላ (እህት)፣ ዚዮ (አጎት) እና ዚያ (አክስት) የሚሉትን በቃልዎ ይያዙ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እንደ አማርኛው የአባትና የእናት ወገንን አይለዩም፤ ዐረብኛ ግን የአባትን ወንድም «ዐም»፣ የእናትን ወንድም «ኻል» ብሎ ይለያል።

ቃላቱን በፊደላችን ብቻ ጽፎ ማጥናትን አልመክርም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ በጣልያንኛ ደግሞ «ኖኖ» መካከሉ ሲጠብቅ ወንድ አያት፣ ሲላላ ዘጠነኛ ነው። «ፓፓ»ም መጨረሻው ሲጎላ አባባ፣ መጀመሪያው ሲጎላ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ መካከሉ ሲጠብቅ የሕፃን ምግብ ይሆናል። ስለዚህ ከላቲኑ አጻጻፍ ጋር ድምፁን እየሰሙ ይለማመዱ።

ቀጥሎ ወላጆችን ከዘመዶች ይለዩ። ወላጆች «ጄኒቶሪ» ናቸው፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ወላጆች የሚመስለው «ፓሬንቲ» ግን ዘመዶች ማለት ነው። በስፓንኛ «ፓድሬስ» ሲባል አባትና እናት ሲሆኑ፣ የጣልያንኛው «ፓድሪ» አባቶችን ብቻ ያመለክታል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው «ኒፖቴ» ነው። ይህ አንድ ቃል የልጅ ልጅንም፣ የወንድም ልጅንም፣ የእህት ልጅንም ይጠራል። የአባቴ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ የነበሩ ጣልያናዊ አዛውንት በላኩት ደብዳቤ ውስጥ «ሚዮ ኒፖቴ» የሚል አግኝቼ፣ ሳልጠራጠር «የልጅ ልጄ» ብዬ ተረጎምሁት። አባቴም ተደስተው «እንኳን የልጅ ልጅ ለማየት አበቃዎት» የሚል መልስ አስጻፉኝ። ሰውየው ግን ልጅ አልነበራቸውም፤ የጻፉት ስለ ወንድማቸው ልጅ ነበር። ያ ምርቃት ልባቸውን ሳይነካ እንዳልቀረ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቃሉን ሲያገኙ ከመተርጎምዎ በፊት በጽሑፉ ውስጥ «ኖኖ» ወይም «ዚዮ» የሚል ይፈልጉ፤ ተናጋሪው ለዚያ ሰው አያት ከሆነ የልጅ ልጅ፣ አጎት ከሆነ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው። ፍንጭ ከሌለ «ፊልዮ ዲ ኪ?» (የማን ልጅ?) ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የስልክ መተርጎሚያ አንዱን ትርጉም መርጦ ሊያቀርብ ስለሚችል፣ በዚህ ቃል ላይ አልተማመንበትም። ጾታው የሚታወቀው ከፊቱ ባለው ቃል ሲሆን ለወንድ «ሚዮ»፣ ለሴት «ሚያ» ይባላል። የሩማንያኛው «ኔፖት»ም ሁለቱንም ዝምድና ይይዛል፤ ስፓንኛ ግን «ኒዬቶ» (የልጅ ልጅ) እና «ሶብሪኖ» (የወንድም ወይም የእህት ልጅ) ብሎ ስለሚለያቸው ከእርሱ ለሚነሣ ተማሪ ጥንቃቄው ይበልጣል።

በመጨረሻ፣ «አባቴ» ለማለት «ሚዮ ፓድሬ» ይበቃል፤ «ኢል» (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ከስም በፊት የሚገባ፣ ለብዙ «ኢ» የሚሆን ቃል) ከፊት አይገባም። ለብዙ ሲሆን ግን «ኢ ሚዬይ ፍራቴሊ» (ወንድሞቼ) ይባላል፤ «የእነርሱ» በሚለው «ሎሮ» ፊትም «ኢል» ለነጠላ እንኳ ስለማይቀር «ኢል ሎሮ ፓድሬ» (አባታቸው) ይሆናል።