ፎከስ እምቢ ያለ አሮጌ ካሜራ፦ ጠጋኝ ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት

ሀዋሳ ላይ ሰርግና ምርቃት ከሚያነሱ ልጆች ብዙዎቹ የያዙት ያገለገለ ካሜራ ነው፣ ካኖን 600ዲ፣ ኒኮን ዲ90፣ ትንሽ ደህና ብር ያገኘ ደግሞ የካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2011 የወጡ ናቸው፣ እና እድሜ ስላላቸው ፎከስ ትንሽ ሲያስቸግር ወዲያው «ሞተሩ ሄዷል» ይባልና ይፈታሉ። እኔ የምለው ከመፈታቱ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለዩ፣ አብዛኛው ያለ ብሎን መፍቻ የሚያልቅ ነው።

ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ድምፅም የለው

መጀመሪያ ስዊቹን እዩ። ሳቁ ግድ የለም፣ ግን ካሜራ ከቦርሳ ሲወጣ የሌንሱ ስዊች ተነክቶ ወደ ኤምኤፍ (በእጅ ፎከስ) ይሄዳል። ኒኮን ከሆነ ሁለት ቦታ ነው የምታዩት፣ ሌንሱ ላይና (ዲ90 እና ዲ7000 ላይ) ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ላይ ከሌንሱ ቀለበት አጠገብ፣ አንዱ ኤም ላይ ከሆነ በቃ አይሰራም።

ስዊቹ ልክ ከሆነና ካሜራው ኒኮን ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቦዲው ሞተር አለው ወይ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ብሩ ሜዳ ላይ የሚቀረው። ዲ40፣ ዲ60፣ ዲ3000፣ ዲ3100፣ ዲ5000፣ ዲ5100 ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም፣ ስለዚህ የድሮውን 50 ሚሊ 1.8 ዲ ስትገጥሙባቸው በእጅ ካላዞራችሁ ፎከስ አያደርግም፣ ሌንሱም ጤነኛ ካሜራውም ጤነኛ፣ አይገጣጠሙም እንጂ። ለማወቅ ሌንሱን አውጡና ቦዲው ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ተመልከቱ፣ ታች በኩል ጫፏ ጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ የመሰለች ትንሽ ዘንግ ካለች ሞተር አለው ማለት ነው፣ ዲ80፣ ዲ90ና ዲ7000 አላቸው። ተቃራኒውም አለ፣ ኤኤፍ-ፒ የሚል የተጻፈበት አዲስ ሌንስ ዲ90 ወይ ዲ3100 ላይ ስትገጥሙት በእጅ እንኳን እምቢ ይላል ምክንያቱም የፎከስ ቀለበቱ ራሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሰራው። ካኖን ላይ ይሄ ጣጣ የለም፣ ከ1987 ጀምሮ ኦቶፎከስ ያለው ኢኤፍ ሌንስ ሁሉ ሞተሩን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው።

ይሄም ካልሆነ ኮንታክቱ ነው፣ ሌንሱ ቂጥ ላይ ያሉት ወርቅማ ነጥቦች። ካኖን ላይ ኤረር 01 ካወጣ ራሱ ካሜራው «የሌንሱን ኮንታክት አጽዳ» እያላችሁ ነው። ንጹህ የመነጽር ጨርቅ ላይ ትንሽ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ሌንሱም ላይ ቦዲውም ላይ፣ ቦዲውን ወደ ታች ደፍታችሁ። ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፣ አረቄም አይሆንም (ሲደረግ ስላየሁ ነው)። በላጲስ የሚፈገፍጉም አሉ፣ ፍርፋሪው መስታወቱ ክፍል ውስጥ ይገባና ሌላ ችግር ያመጣባችኋል።

ወደፊት ወደኋላ ይላል፣ አይቆምም

ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የካሜራው ጥፋት አይደለም። እነዚህ ካሜራዎች ፎከስ የሚይዙት የጨለማና የብርሃን ልዩነት ፈልገው ነው፣ ልዩነት ከሌለ ምን ይያዙ? የሙሽሪት ነጭ ቬሎ መሀል ላይ፣ ጠዋት ጭጋግ የለበሰ ሀይቅ ላይ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ የፎከስ ነጥቡን (አይን ማያው ውስጥ የምትታየዋን) ብታሳርፉት ሌንሱ ዝም ብሎ ይመላለሳል። የሀበሻ ቀሚስ ከሆነ ነጥቡን ጥለቱ ላይ አሳርፉት፣ ወዲያው ቲት ይላል። ነጥቡ ደግሞ የመሀሉ ይሁን፣ 600ዲም ፋይቭ ዲ ማርክ ቱም 9 ነጥብ አላቸው ግን የቁምም የአግድምም መስመር የሚያነበው መሀለኛው ብቻ ነው፣ ዲ90ም ከ11ዱ እንደዚያው። የጎኖቹ ቀን ላይ ይሰራሉ፣ አዳራሽ ውስጥ ግን አትመኑዋቸው።

አዳራሽ ካነሳሁ አይቀር፣ ማታ ፎከስ የምታግዘው የኒኮኗ ትንሽ መብራት ካልበራች ሌንስ ሁዱን (የሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ጥላ) አውጡት፣ እሱ ነው ብዙ ጊዜ የሚጋርዳት። ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ጭራሽ የራሱ መብራትም ፍላሽም የለውም፣ ስፒድላይት (ከላይ የሚገጠም ፍላሽ) ስትጭኑበት ከስፒድላይቱ ቀይ መስመር ይወጣና በእሱ ይይዛል፣ ያውም ዋን ሾት (አንዴ ይዞ የሚቆልፈው) ላይ ከሆናችሁ ነው፣ ሰርቮ (የሚንቀሳቀስ ነገር የሚከተለው) ላይ ከሆነ መብራቱ አይበራም።

በጣም ተጠግታችሁም ሊሆን ይችላል። የካኖን 50 ሚሊ 1.8 ቱ ከ45 ሴንቲ በታች አይይዝም፣ ቀለበቱን ፎቶ ላንሳ ብላችሁ ሙሽራው ጣት ላይ ብትደፉበት ሲንከራተት ይውላል፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ በሉ።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ድሮ የማያደርገውን ካደረገ ሌንሱን ወደ መብራት አቅንታችሁ በውስጡ እዩ። እዚህ ሀይቁ ዳር ክረምት ላይ እርጥበቱ ቀላል አይደለም፣ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያወጣል፣ ምስሉን ያደበዝዝና ፎከሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። ለመከላከል ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ቦርሳ ውስጥ ጣሉ። ርካሽ ፊልተርም ካለ አውጡና ያለሱ ሞክሩ፣ በተለይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፊልተር) ሆኖ ሰርኩላር የማይል ከሆነ እነዚህ ካሜራዎች ላይ ፎከሱን ያሳብደዋል።

ቲት ይላል፣ ፎቶው ግን ብዥ ነው

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ዙም አድርጉና አንድ ነገር ፈልጉ፣ ፍሬሙ ውስጥ ጥርት ያለ ሌላ ነገር አለ? ፊቷ ብዥ ብሎ ከኋላዋ ያለው አበባ ጥርት ካለ የፎከስ ችግር ነው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ ግን እጃችሁ ነው የተንቀጠቀጠው፣ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/125 ሰከንድ አሳልፉት። ሰውየው ብቻ ከተጎተተ ሰውየው ተንቀሳቅሷል፣ እሱም መድሃኒቱ ሹተር ነው።

ፍቼ ጨምበላላ ላይ ጉዱማሌ ሄዳችሁ ቄጣላ ሲጨፈር፣ ወይም አሞራ ገደል አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ በዋን ሾት ካነሳችሁ ደግሞ ፎከሱ ቲት ባለበት ቦታ ቆልፎ ይቀራል፣ የተነሳው ነገር ግን ሄዷል። ሰርቮ ላይ አድርጉ፣ ኒኮን ላይ ኤኤፍ-ሲ ነው።

የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ በ1.8 ከፍታችሁ አይን ላይ ፎከስ ይዛችሁ ከዚያ ካሜራውን ዞር አድርጋችሁ ፍሬም የምታስተካክሉም አላችሁ። 600ዲን በመሰለ ካሜራ ላይ በ50 ሚሊ ሌንስ ከ1 ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ውፍረት 3 ሴንቲ አይሞላም፣ ትንሽ ስትወዛወዙ አይኑ አለፈና ጆሮው ጠራ። ወይ 2.8 አድርጉት ወይ አይኑ አጠገብ ያለውን ነጥብ ምረጡ።

ይሄም ሁሉ ካልሆነ አሁን ቁርጡን የሚያሳውቀውን ሙከራ አድርጉ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጡ፣ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፉ፣ በ50 ሚሊ ሌንስ 2 ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፣ ሌንሱን እስከመጨረሻው ክፈቱት። አንድ ፎቶ በቪውፋይንደር (በአይን ማያው) ፎከስ አንሱ፣ አንዱን በላይቭ ቪው (ስክሪኑ ላይ እያያችሁ)። ላይቭ ቪው ቀርፋፋ ነው ግን ፎከሱን የሚለካው ፎቶውን ከሚያነሳው ከራሱ ሴንሰር ላይ ስለሆነ አይዋሽም። ቪውፋይንደሩ ግን ከትልቁ መስታወት ጀርባ ባለች ትንሽ መስታወት በኩል አድርጎ ካሜራው ወለል ላይ ወዳለ ሌላ ሴንሰር ነው የሚልከው፣ ያቺ መስታወት ትንሽ ከዘመመች ወይም ካሜራው ወድቆ ከነበረ መንገዱ ይዛባል። ሁለቱም ብዥ ካሉ ጥፋቱ ሌንሱ ነው፣ ላይቭ ቪው ጠርቶ ያኛው ብዥ ካለ ፎከሱ ነው የተዛባው፣ ሌላ ሌንስ ተውሳችሁ ድገሙት፣ ሁሉም ሌንስ ላይ እንደዚያው ከሆነ ቦዲው ነው።

ካኖን 50ዲ፣ ሰቨን ዲ፣ ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ፣ ኒኮን ዲ300ና ዲ7000 ሜኑ ውስጥ የፎከስ ማስተካከያ አላቸው፣ ከ20 ሲቀነስ እስከ 20 ሲደመር፣ በ5 በ5 እያስኬዳችሁ ጥርት እስኪል አስተካክሉ። 600ዲ፣ 60ዲና ዲ90 ይሄ የላቸውም፣ ለእነሱ ጠጋኝ ነው መፍትሄው።

ከዚያ በፊት ግን አቧራ። ያ ወለል ላይ ያለው ሴንሰር አቧራ ሲይዝ ቀን ደህና ማታ እብድ ይሆናል። ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ በእጅ ብሎወር ንፉ፣ መስታወቶቹን በጣት አትንኩ፣ እባካችሁ ጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር አትውሰዱት።

ትንንሾቹ

በቪውፋይንደር ሁሉም ብዥ ነው ፎቶው ግን ጥርት ያለ ነው? አይን ማያው ጎን ያለችውን ትንሽ ጎማ አዙሩ፣ ሌላ ሰው ለራሱ አይን አስተካክሏት ነው።

ሹተሩን ግማሽ ስትጫኑት ፎከስ ካልነቃ የቀድሞው ባለቤት ፎከሱን ወደ ጀርባ ቁልፍ አዙሮት ይሆናል፣ ያገለገለ ካሜራ ላይ ያጋጥማል። ካስተም ሰቲንጉን ለብቻ ሪሴት አድርጉ፣ ተራው ሪሴት እሱን አይነካውም።

ሌንሱ ክርር የሚል የሚፋጭ ድምፅ ካለው ውስጡ ያለው የማርሽ ጥርስ ተበልቷል፣ 18-55 ሌንስ ላይ ስዊቹ ኤኤፍ (ኦቶፎከስ) ላይ እያለ ቀለበቱን በእጅ በግድ ማዞር የሚያመጣው ነው። እሱን ማስጠገን ትርፉ ድካም ነው፣ ሌላ ያገለገለ ፈልጉ።

የግድ ጠጋኝ ጋ የሚሄድ ከሆነና እቃው አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ቦዲውን ብቻ አትላኩ፣ ሌንሱንም አብራችሁ፣ ያነሳችኋቸውን ሁለቱን የጋዜጣ ፎቶዎችም ካርዱ ላይ ተዉለት፣ ጠጋኙ ያየው ነገር ካለ «እዚህ ጋ ደህና ነው» ብሎ አይመልስላችሁም።