«ይገባል» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ፦ አሮጌ ፒክአፕ ላይ መሪ ሲቀየር የማያቸው ስህተቶች

ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፖች ጋራዣችን ገብተዋል፤ ሁለቱ እየተነዱ፣ አንዱ ተጎትቶ። ሦስቱም በፈረንጆቹ ከ1988 እስከ 1997 ሲመረት የነበረው ዓይነት ናቸው። ሦስቱም ላይ የቀድሞ ባለቤታቸው ለማማር ብሎ ያስገጠመው ትንሽዬ የስፖርት መሪ አለ፤ የአሁኖቹ ባለቤቶች ደግሞ እሱን አውጥተው ሌላ ማስገባት ፈልገዋል። ሦስቱንም ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ነካክቷቸዋል። ሥራው እኮ ከባድ አይደለም። አንድ ዳዶ፣ አንድ የክላክስ ሽቦ፣ ስድስት ትንንሽ ቡሎን። ዕቃው የተሟላለት ሰው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ሁሉም እጁን የሚያስገባበት ቀላል ስለሚመስል ነው።

ከትንሹ ልጀምር። ባትሪ ሳይነቅሉ መጀመር። ካቻቢቴው የክላክሱን ሽቦ ሲነካ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማችኋል። ንቀሉት፣ አለቀ።

መሪው መሐል ላይ «ኤስአርኤስ» የሚል ጽሑፍ ካለ ኤርባግ አለው ማለት ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እናንተን አይመለከትም። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት። ኤርባግ አውጥቶ በጌጥ መሪ መተካትን እኔ አልሠራም። ዋጋ ጨምረው የለመኑኝ አሉ፤ ለእነሱም አልሠራሁም።

መሪውን ዘንጉ ላይ የሚያስረው የመሐሉ ዳዶ አልላቀቅ ሲል የሞተሩን ቁልፍ ነቅለው፣ መሪው ቀጭ ብሎ እስኪቆለፍ አዙረው፣ በዚያ ተደግፈው የሚታገሉ አሉ። ይህን ብልሃት እያንዳንዱ ለማጅ ራሱ የፈለሰፈው ይመስለዋል። እኛ ጋ ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ይዩ! ያለ ረዳት ፈታሁት» ብሎ ሲጠራኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቁልፉን ሲያስገባ አልዞርም አለው። የመሪ መቆለፊያዋ ምላስ ሌባ እንድታስቸግር እንጂ የሰው ሙሉ ጉልበት እንድትሸከም አልተሠራችም፤ ተጣማ ነበር። ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ፊቱ በቂ ነበር። ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁልፉን ክፈቱ፤ መሪውን ሌላ ሰው ጥብቅ አድርጎ ይያዝላችሁ።

ቀጥሎ ያለውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ የፊት ጥርሴ ጫፍ የጎደለው በእሱ ነው። ዳዶውን (በሃይሉክስ 19 ቁልፍ ነው) ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አወጣሁና መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ራሴ መጎተት ጀመርኩ። አልነቃነቅ አለ። እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። ለዓመታት የተጣበቀ መሪ ቀስ ብሎ አይወጣም፤ አይወጣም፣ አይወጣም፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ የሚያርፈውም አፍ ላይ ነው። ጌታዬ፣ ማለቴ ያሠለጠነኝ መካኒክ፣ ደሜን ጠርጌ እስክጨርስ ስቆ ሲያበቃ ያሳየኝን ላሳያችሁ፦ ዳዶውን ፍቱት ግን አታውጡት፤ ሦስት አራት ዙር ይዞ ይቅር። መሪው ሲላቀቅ ዳዶው ላይ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ታወጡታላችሁ።

መዶሻ ያነሳችሁ ደግሞ መልሱት። የመሪ ዘንግ አንድ ድፍን ብረት አይደለም። የላይኛው ክፍል በታችኛው ውስጥ የሚገባ ሆኖ ሁለቱን አጣብቀው የሚይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ካስማዎች ናቸው። ይህ የቁጠባ ሥራ አይደለም፤ መኪና ፊት ለፊት ሲጋጭ ካስማዎቹ ተቆርጠው ዘንጉ እንዲያጥርና የሾፌሩን ደረት እንዳይወጋ ታስቦ ነው። እናንተ የዘንጉን አናት በመዶሻ ስትመቱ ያንኑ ግጭት በእጃችሁ እየሠራችሁ ነው። ካስማው ከተቆረጠ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት ይጀምራል፤ ለግጭት የተቀመጠው መከላከያም ያለ ግጭት አለቀ። መሪ መንቀያ ግን ዘንጉን መሐል ላይ እየገፋ መሪውን በሁለት ቡሎን ስለሚስብ ኃይሉ እዚያው በሁለቱ መካከል ያልቃል፤ ወደ ታች የሚወርድ ነገር የለም። የፋብሪካው መሪ ለመንቀያው ቡሎን የሚሆኑ ሁለት ባለ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች አሉት። ብዙዎቹ የስፖርት መሪ አዳፕተሮች (መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኙት መሐለኛ ዕቃዎች) ይህ ቀዳዳ የላቸውም፤ ያኔ ዘይት ረጭታችሁ፣ ዳዶውን ጫፍ ላይ ትታችሁ፣ ግራና ቀኙን ተራ በተራ እየሳባችሁ ታገሡ። እኔ አንዱን አድሬበታለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ «የሃይሉክስ መሪ አዳፕተር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ በእጁ ያለውን ያነሳና «ይገባል» ይላችኋል። የኒሳን ነው? ይገባል። የኢሱዙ ነው? ይገባል አለቃ፣ ሁሉም አንድ ነው። ከመለዋወጫ ገበያ ቃላት ሁሉ እንደዚህ ደሜን የሚያፈላው የለም። የወንድምህ ጫማም እግርህ ይገባል፤ ቁም ነገሩ ለብሰኸው መንገድ መውጣቱ ላይ ነው። የዚህ ሃይሉክስ ዘንግ ጫፉ ላይ 36 ጥርስ አለው። አዳፕተሩ እያንዳንዱን ጥርስ ሞልቶ ካልተቀመጠ መሪና ጎማን የሚያገናኘው ልማድ ብቻ ነው።

ተቀራራቢ አዳፕተር ገዝቶ የተመለሰ ሰው ምን ያደርጋል? ልል መሆኑን ያያል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ ይቆርጥና በመሐል ጠቅልሎ ያስገባዋል። ዳዶውን ሲያስር ጥብቅ ይላል፣ በእጁ ሲነቀንቀው አይነቃነቅም፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ቆርቆሮው ግን ለስላሳ ነው። በየመታጠፊያው ትንሽ ትንሽ ይጨፈለቃል፤ ቦታ ይፈጠራል፤ ጥርስና ጥርስ መናከሳቸውን ትተው መፋጨት ይጀምራሉ። አዳፕተሩ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው የእሱ ጥርስ ነው። ተጎትቶ የመጣው ፒክአፕ ነገር ይህ ነበር። ባለቤቱ ከግቢው ወደ ኋላ ሲወጣ መሪውን አዞረ፣ መሪው ዞረ፣ ጎማው ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ፤ የጎረቤቱን የቆርቆሮ አጥር ይዞት ገባ። ስፈታው ከቆርቆሮው የቀረው ብናኝ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ እንደመጣ ሲነግረኝ እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ከዚህም የባሰው ብየዳ ነው። «እንዳይላቀቅ» ብለው አዳፕተሩን ከዘንጉ ጋር የሚያስበይዱ አሉ፤ አንዱን ፒክአፕ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት። የብየዳው ሙቀት የጠነከረውን ብረት ባሕርዩን ይለውጠዋል፣ ከዚያ ምኑ ላይ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ የለም። የሚቀጥለው መካኒክ ደግሞ መሪውን ሳይሆን ዘንጉን በሙሉ ነው የሚቀይረው፤ ባለቤቱም ለመሪ ያሰበውን ገንዘብ ስንት እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። ከፍሏል።

ስለዚህ ገበያ ስትወጡ የፈታችሁትን አሮጌ አዳፕተር ወይም መሪ በላስቲክ ይዛችሁ ውጡ። ጥርሱን ቁጠሩ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቤት ስትመለሱ ዘንጉን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ በባዶ እጅ አስገቡት፤ ዳዶው ሳይታሰር ወደ ግራና ቀኝ ስትሞክሩት ቅንጣት ታህል ከተጫወተ መልሱት። ሻጩ ይቆጣል። ይቆጣ።

የቡሎኖቹም ነገር ያው በሽታ ነው። ስፖርት መሪዎች በአብዛኛው በስድስት ቡሎን ይታሰራሉ፤ ግን የአንዳንዶቹ ቀዳዳ ዙሪያ 70 ሚሊሜትር ነው (ሞሞና ስፓርኮ እንዲህ ናቸው)፣ የናርዲ ደግሞ 74። በዓይን ሲታይ አንድ ይመስላል። ሁለት ሚሊሜትር በየጎኑ ናት ብሎ በመሰርሰሪያ ቀዳዳውን እንቁላል የሚያስመስል ሰው አለ። የመሪውና የአዳፕተሩ ቀዳዳ ካልገጠመ ሌላ አዳፕተር እንጂ ሌላ መሰርሰሪያ አያስፈልግም።

መሪው ከመውጣቱ በፊት ምልክት አድርጉ፦ በዘንጉም በመሪውም ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር። 36 ጥርስ ማለት አንድ ጥርስ ሲዘለል መሪው 10 ዲግሪ ይዘማል ማለት ነው። ምልክት ካላደረጋችሁ ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ አስገብታችሁ፣ ጥቂት ነድታችሁ ማረም ይቻላል። ከ10 ዲግሪ ያነሰ መዛመም ግን በጥርስ አይስተካከልም፤ ከታች በመሪ ክንዶቹ፣ ግራና ቀኙን እኩል በማስተካከል ነው። አንዳንዴም የፊተኛው ባለቤት የአላይመንት ጉድለቱን የደበቀው መሪውን አንድ ጥርስ አዙሮ ይሆናል፤ እናንተ ትክክል ስታደርጉት «አበላሻችሁብኝ» ይባላል።

ክላክስ። የሚሠራው መሪው ላይ ያለው ቁልፍ አንዲቷን ሽቦ ከብረቱ ጋር ሲያገናኛት ነው። ሽቦዋ በመንገዷ ላይ የትም ቦታ ተልጣ ብረት ከነካች ሳትጠሩት ይጮኻል። አንድ ደንበኛችን አዲሱን መሪ ራሱ አስገብቶ ነበር፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ዝም፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይጮኻል። ችግሩን ያወቀው የእድሩን ድንኳንና ወንበር ጭኖ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ነው። በሩ በግራ በኩል ነበር። ለቀስተኛው ተነስቶ ያየው ጀመር፣ እሱ ደንግጦ መሪውን እዚያው ያዘ፣ ክላክሱ ቀጠለ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሞተሩን አስጠፍተው ገፍተው አስገቡት፤ ሞተሩ ጠፍቶም ይጮኽ ነበር። ሽቦዋን በቂ ርዝመት ስጧት፣ ልጣጩን በቴፕ ሸፍኑት፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙራችሁ ስሙ። ሽቦውን በጥሶ ዳሽቦርድ ላይ የበር ደወል ቁልፍ መትከል መፍትሔ አይደለም። ለቦሎ ስትሄዱ ትጠየቁበታላችሁ።

ፍሬቻን አትርሱ። ከመሪው ጀርባ ፍሬቻውን መልሶ የሚያጠፋ ጉጥ አለ፤ ቦታው ሳይገባ በዳዶ ከተጨመቀ የፍሬቻው ማብሪያ ይሰበራል። እሱ ደግሞ ገበያ ላይ ከመሪው ይልቅ ያስቸግራል።

ትንሽ መሪ ያምራል፤ እኔም በወጣትነቴ እወድ ነበር። ነገር ግን ፓወር ስቲሪንግ በሌለው ፒክአፕ ላይ ከ38 ሴንቲሜትር ወደ 32 ብትወርዱ ለዚያው መታጠፊያ 19 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ትከፍላላችሁ። ከተማ ውስጥ ትለምዱታላችሁ። ጭነት ይዛችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። በዚያ ላይ የትንሹ መሪ ጠርዝ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ልክ መለኪያዎቹ ፊት ነው። ወደ ደጀን ዳገቱን ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ከጠርዙ ጀርባ ተደብቆበት ሞተሩን ያቃጠለ ሾፌር አውቃለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ መሪውን ይዛችሁ ተመልከቱ።

ዳዶውን ለማሰር ቁልፉ ላይ ቱቦ አትሰኩ። የዚህ መኪና ልክ 34 ኒውተን ሜትር ነው፦ 30 ሴንቲሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት። አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያደርገው ነው። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ፈትሹት።

መሪው ስለሚጫወት መሪ የምትቀይሩ፣ አትቀይሩ። ጨዋታው ብዙውን ጊዜ ከታች ነው፤ ቴስቲናውን (የመሪ ክንዶቹን ጫፍ መገጣጠሚያ) አሳዩ።

የመጨረሻው፣ የፋብሪካውን መሪ መጣል። የመጀመሪያው ፒክአፕ ባለቤት ወደ ኦሪጅናሉ መመለስ ፈልጎ ስንት ቀን ገበያ ዞሮ አጣ። በኋላ የሸጠለትን ሰው ደውሎ ሲጠይቅ «እናቴ ቤት ይኖራል» አለው። አብሬው ሄድኩ። መሪው አልጠፋም፤ የልጅ ልጃቸው፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በረንዳው ላይ ዱካ አስቀድሞ እንጨት ላይ ሰክቶት በአፉ ማርሽ እየቀየረ ይነዳው ነበር። እናትየው «አምጣ፣ ጋሼ ሊወስዱት ነው» ሲሉት ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ። ያንን ትንሽ የስፖርት መሪ ሰጥተነው ተለዋወጥን። እሱ ላይ በትክክል ገጠመለት።