ከንቅለ ተከላ በኋላ ከለጋሹ የመጣ ኢንፌክሽን እንዴት ይመረመራል?

«ለጋሹ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም» መባሉ ልብ ያሳርፋል፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። በቅርቡ የተያዘ ለጋሽ፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እያለ ምርመራው ሊስተው ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቺካጎ የሆነው ይኸው ነው፦ ከአንድ ለጋሽ የአካል ክፍል የወሰዱ አራት ሰዎች በኤችአይቪና በሄፓታይተስ ሲ ተያዙ። የለጋሹ ደም የፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) ምርመራ ተደርጎለት ነፃ ተብሎ ነበር። ስለዚህ ተቀባዩም መመርመር አለበት።

ሥራው የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ተቀባዩ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ፣ አዲሱ አካል ሳይገጠምለት፣ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ደም ይሰጣል። ይህ መነሻ ውጤት ከሌለ፣ ኋላ ቫይረስ ቢገኝ ከለጋሹ ይምጣ ቀድሞም ይኑር መለየት ያስቸግራል። ከተቻለ ናሙናው ለተቀባዩ ደም ከመሰጠቱ በፊት ይቀዳ፤ የሌላ ሰው ደም ፀረ እንግዳ አካላትን ይዞ ስለሚገባ ውጤቱን ሊያምታታ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ከለጋሹ ምርመራ ያልደረሰ ውጤት አለ?» ብለው ይጠይቁ። የባክቴሪያ ካልቸር (ናሙናው ውስጥ ባክቴሪያ ካለ እንዲያድግ ተደርጎ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተባለውን፣ የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ የሚበረታ ቫይረስም አይርሱ። ለጋሹ ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ ከዚያ በፊት ካላገኘው አደጋው ከፍ ስለሚል፣ ለወራት መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወይም በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በየጊዜው ይለካል።

ዋናው ቀጠሮ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ያለው ነው። የአሜሪካ የ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያ በዚህ ጊዜ ተቀባዮች ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ እንዲመረመሩ ይመክራል። የምርመራ ማዘዣውን ግን ልብ ብለው ያንብቡ። «ፀረ እንግዳ አካል» ብቻ ከተጻፈበት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ አዲሱን አካል ሰውነት እንዳይገፋው የሚወሰዱት መድኃኒቶች ፀረ እንግዳ አካል የማምረት አቅምን ያዳክማሉ፤ ቫይረሱ እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። የሚፈለገው የቫይረሱን ዘረ መል ራሱን የሚያገኘው፣ እንደ ፒሲአር ያለ ምርመራ ነው። ጉበት የተቀበለ ሰው ደግሞ ዓመት ገደማ ሲሞላው ለሄፓታይተስ ቢ ዳግመኛ ይመረመራል።

ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ግራ መጋባት ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ማዕከሉ መሄድ ነው። ቫይረስ ከተገኘም ማዕከሉ ንቅለ ተከላውን ለሚያስተባብረው ድርጅት በአፋጣኝ ማሳወቅ አለበት። የዚያው ለጋሽ ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ልብ የተሰጣቸው ሌሎች ሰዎች ገና ሳይታመሙ ሊመረመሩ የሚችሉት በዚህ መንገድ ነው።