በኢንሹራንስ ሥራ ደመወዝ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

“የኢንሹራንስ ሠራተኛ ስንት ይከፈለዋል?” ብሎ የሚጠይቀኝ ወጣት አይጠፋም። መልሱ እንደ ሰውየውና እንደ ሥራው ይለያያል። የሞተር (የተሽከርካሪ ዋስትና) ፖሊሲ የሚያወጣ ጀማሪና የጠለፋ ዋስትና ውል፣ ማለትም ኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ የሚገባውን ዋስትና የሚደራደር ባለሙያ አንድ ሕንጻ ውስጥ ውለው በወሩ መጨረሻ የሚወስዱት ለየቅል ነው። እኔ ብዙ ዓመት በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ፤ በቅጥር ኮሚቴም ተቀምጫለሁ። ሰው ገንዘቡን የሚያጣባቸው ቦታዎች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ልጻፋቸው።

“ኔት ስንት ይደርሰኛል?” ብቻ ብሎ መፈረም

በዚህኛው ትዕግሥቴ አልቋል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። ደመወዝ ላይ ሲደረስ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለችው፤ “ኔት ስንት ነው?” ቁጥሩ ከቀድሞው መሥሪያ ቤቱ ከበለጠ ይፈርማል። መነሻ ደመወዙ ስንት ነው? አበሉ ስንት ነው? አበሉ የሚሰጠው ለእሱ ነው ወይስ ለወንበሩ? አይጠይቅም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። አንዱ ኩባንያ 30,000 ብር ደመወዝ ያቀርባል፤ አበል የለውም። ሌላው 22,000 ብር ደመወዝና በድምሩ 12,000 ብር የኃላፊነት፣ የቤትና የስልክ አበል ያቀርባል። አበሉ በሙሉ ግብር የሚከፈልበት ነው እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ሠንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ላለው ገቢ 35 በመቶ ነው። አሰላሉ ቀላል ነው፤ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝታችሁ 2,050 ብር ትቀንሳላችሁ።

የመጀመሪያው ሰው ግብሩ 8,450 ብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 2,100 ብር ይሆናል። 19,450 ብር እጁ ይገባል። ሁለተኛው ግብሩ 9,850 ብር ነው። ጡረታው የሚታሰበው በ22,000 ብሩ ላይ ብቻ ስለሆነ 1,540 ብር ይቆረጥበታል። እጁ የሚገባው 22,610 ብር ነው። በወር የ3,160 ብር ብልጫ አለው። ማን ይጠላል?

አሁን የቀረውን እንይ። አሠሪው የሚያስገባው 11 በመቶ ጡረታም በደመወዙ ላይ ነው የሚሰላው። የሠራተኛውና የአሠሪው መዋጮ ሲደመር ለመጀመሪያው ሰው በወር 5,400 ብር ይገባለታል፤ ለሁለተኛው 3,960። ቦነስ በአብዛኛው የሚቆጠረው በወር ደመወዝ ነው። “የሁለት ወር ቦነስ” ሲባል ለአንዱ 60,000፣ ለሌላው 44,000 ብር ነው። ዓመታዊው የእርከን ጭማሪ በደመወዝ ላይ ነው። የሠራተኛ የቤት ብድር ጣሪያም በብዙ ቦታ ደመወዝን ተከትሎ ነው የሚወሰነው።

ሕጉም የሚያየው ደመወዙን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ደመወዝ ትርጉም የሚናገረውን አንቀጽ 53ን አንብቡት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን በደመወዝነት አይቆጠሩም። አምስት ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ይህም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። “ኔት” ያላችሁት ቁጥር እዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። አንድ የማውቀው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ታታሪ ሰው። መዋቅር ተቀየረና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ደብዳቤው “ደረጃዎና ደመወዝዎ እንደተጠበቀ ሆኖ” ይላል። እውነት ነው፤ ደመወዙ አልተነካም። የኃላፊነት አበሉ፣ የነዳጁ፣ የስልኩ ግን ከወንበሩ ጋር ቀሩ። የልጆቹን ትምህርት ቤት የመረጠው በድሮው ገቢ ልክ ነበር። ደብዳቤውን ይዞ ቢሮዬ መጥቶ “ይህ በሕግ ይቻላል?” አለኝ። የቅጥር ውሉን አወጣን፤ ከደመወዙ በቀር በውሉ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በላይኛው ምሳሌ ብናየው፣ 22,610 ብር ይወስድ የነበረው ሰው አበሉ ሲነሳ በወር 14,810 ብር ይዞ ይገባል።

አበል ያለውን ሥራ አትቀበሉ እያልኩ አይደለም። የቤት ኪራይ የሚከፈለው ዛሬ ነው፤ ይገባኛል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። መነሻ ደመወዝ፣ ደረጃና እርከን፣ እያንዳንዱ አበል ለብቻው፣ ስዛወር የትኛው ይቀራል የሚለው ሁሉ ይጻፍ። ኅብረት ስምምነት ካለም ቅጂውን ጠይቃችሁ አንብቡ። ይህን በመጠየቁ ሥራ የተከለከለ ሰው አላየሁም።

ኮሚሽንን እንደ ደመወዝ መቁጠር

የሽያጭ ወኪሎችን እወዳቸዋለሁ። በፀሐይና በዝናብ እየዞሩ ገበያውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ግን ብዙዎቹ ወደ ሥራው የሚገቡት ተቀጠርን ብለው ነው። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አውጥቶ በኮሚሽን የሚሠራ ወኪል ተቀጣሪ አይደለም። ዓመት ፈቃድ የለውም፣ የስንብት ክፍያ የለውም፣ ጡረታ የሚያስገባለት አሠሪ የለም። ገቢው የንግድ ሥራ ገቢ ስለሆነ ግብሩንም ራሱ ነው የሚያስታውቀው።

አንድ ጥሩ ወር ሰውን ያታልላል። ትልቅ የመኪና ባለቤት ድርጅት ፖሊሲ ገዛ፣ ዳጎስ ያለ ኮሚሽን መጣ፣ ወኪሉ ወዲያው የኑሮውን ደረጃ ከፍ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ያ ደንበኛ በጨረታ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄደ። በወኪልነት ሥራ ገቢን አጽንቶ የሚያቆየው የነባር ደንበኞች ፖሊሲ እድሳት ነው። ስለዚህ የአንድ ወኪል እውነተኛ ገቢ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ባለፈው ዓመት ከነበሩት ደንበኞች ስንቱ እንደታደሱ ይቁጠር። ግብሩን ደግሞ ኮሚሽኑ በገባ ቀን ለይቶ ሌላ ሂሳብ ላይ ያስቀምጥ።

ሞተር ላይ መቅረት

በአገራችን ገበያ ትልቁን ድርሻ የያዘው የተሽከርካሪ ዋስትና ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚገባው በዚያ በር ነው፤ ምንም አይደለም። ስህተቱ እዚያው አምስትና ስድስት ዓመት መቀመጥ ነው። በተለይ የሦስተኛ ወገን መድን ላይ አረቦኑ፣ ማለትም ደንበኛው ለዋስትናው የሚከፍለው ዋጋ፣ በታሪፍ የተወሰነ ነው። የምትመዝኑት አደጋ የለም፣ የምትደራደሩት ዋጋ የለም። ሥራውን ሌላ ሰው በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። ሌላ ሰው በአጭር ጊዜ የሚለምደውን ሥራ ደግሞ ኩባንያው ብዙ ብር አይከፍልበትም።

ደመወዝ የሚጨምረው ሰው በጠፋበት ቦታ ነው። የኮንትራክተሮች ዋስትና የሚገባው፣ የባሕር ጭነት ካሳ ከቢል ኦፍ ሌዲንግ (የጭነት ሰነድ) እስከ ሰርቬየር (ጉዳት መርማሪ) ሪፖርት አንብቦ የሚጨርስ፣ የቦንድን (ግዴታን ለመፈጸም የሚሰጥ ዋስትና) አደጋ ከባንክ ባለሙያ እኩል የሚመረምር ሰው በጣት ይቆጠራል። ጠለፋ ዋስትናም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ጠለፋ ዋስትና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር ይህን ሙያ የሚያውቁ ሰዎች አገር ውስጥ ሌላ ፈላጊ አገኙ። አክቹዋሪማ (የወደፊት አደጋን በሒሳብ የሚያሰላ ባለሙያ) በጣም ብርቅ ነው፤ ሒሳብና ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ልጆች ለምን ወደዚህ እንደማትመጡ አይገባኝም።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ልዩነት ጎልቷል። የመኪናም የማሽነሪም ዋጋ ሲንር በድሮ ዋጋ የተገባ ፖሊሲ ሁሉ የካሳ ጭቅጭቅ አመጣ። ደንበኛው “መኪናዬን ተኩልኝ” ይላል፣ ፖሊሲው ላይ ያለው የድሮ ዋጋ ነው። በዚያን ጊዜ ደንበኞቹን አስቀድሞ ጠርቶ የዋስትና መጠናቸውን ያስተካከለ አንደርራይተር (አደጋውን መዝኖ ዋስትናውን የሚሰጥ ባለሙያ) ዋጋው በየኩባንያው ታይቷል።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? ዝውውር ጠይቁ። ደመወዙ ባይጨምርም ወደ ኢንጂነሪንግ ወይም ወደ ጠለፋ ዋስትና ክፍል ልግባ በሉ። ቢያንስ የእነዚያን ክፍሎች ፋይል በትርፍ ሰዓታችሁ አንብቡ፤ ከሰርቬየር ጋር ወደ ሳይት ውጡ።

የምስክር ወረቀት መሰብሰብ

የሁለት ቀን ሥልጠና ሰርተፊኬት ሃያ ቢሆን ደመወዝ አይጨምርም። የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ዲግሪም ከጎናችሁ የተቀመጠው ሁሉ አለው። በዚህ ሙያ በየትኛውም አገር የሚታወቀው የለንደኑ ቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ፈተና ነው፤ ከሰርተፊኬት ተነስቶ በዲፕሎማ አልፎ ኤሲአይአይ እስከሚባለው የሙያ ማዕረግ ይዘልቃል። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ዛሬ ከብዷል። ስለዚህ ኩባንያችሁ እንዲከፍል ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የግዴታ ውሉን አንብቡ፤ ስንት ዓመት እንደሚያስራችሁ፣ ቀድማችሁ ብትለቁ ምን ያህል እንደምትመልሱ እወቁ። ኤሲአይአይ የሚለውን ማዕረግ የምትጠቀሙበት አባልነታችሁን እያሳደሳችሁ ስትቆዩ ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ደግሞ ጀምሮ መሃል ላይ ማቆም የለም። “በመማር ላይ” የሚል ሲቪ ለብዙ ዓመት ሳይለወጥ ሲመጣ ኮሚቴው ያስተውለዋል።

ከጋራዥ የሚመጣ “ምስጋና”

የካሳ ክፍል ልጆች፣ በምስጋና ስም የሚሰጣችሁን ገንዘብ አትንኩት። የጋራዡም ቢሆን፣ የመለዋወጫ ሻጩም ቢሆን። ይህ ገበያ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ስሙ አንድ ጊዜ የተነሳ ሰው ሌላ ኩባንያ በር ላይ ሲደርስ ስልኩ ቀድሞት ደርሷል።

ከባንክ ጓደኛ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ጋር መለካካት

“ባንክ ያለው ጓደኛዬ ይህን ያህል ያገኛል” የሚል ክርክር ለአለቃችሁ ምንም አይነግረውም። የባንክ ሀብትና የኢንሹራንስ ሀብት አይተካከልም። የሚጠቅማችሁ ኩባንያን ከኩባንያ ማወዳደር ነው። ለዚህም ዓመታዊ ሪፖርቱ አለ። ኢንሹራንሶች ኦዲት የተደረገ ሂሳባቸውን ያወጣሉ። ውስጡ ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም የወጣው ወጪ አለ፤ የሠራተኛ ብዛትም አብሮ ካለ አካፍሉት። አማካይ ስለሆነ የአለቆቹም ደመወዝ ውስጡ አለ፤ ግን ሁለት ኩባንያ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ማን የመክፈል አቅም እንዳለው ይታያል። የካሳ ወጪውንም እዩ። ከሰበሰበው አረቦን ላይ አብዛኛውን በካሳ የሚጨርስ ኩባንያ ለዓመቱ ትልቅ ጭማሪ ቃል ቢገባላችሁ፣ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ጠይቁ።

ውጭ አገር ለምትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያም “ኢንሹራንስ” የሚባል አንድ ደመወዝ የለም። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 የአክቹዋሪ መካከለኛ የዓመት ክፍያ 120,000 ዶላር ነበር፤ የሽያጭ ወኪል 59,000 ዶላር ገደማ። እጥፍ ልዩነት ነው። ወኪል ለመሆን የየግዛቱን ፈቃድ ማውጣት ይጠይቃል፤ በብዙ ግዛቶች የካሳ ገምጋሚም እንዲሁ። ከዚህ የወሰዳችሁት ልምድ ሲቪያችሁን ያጠናክራል እንጂ ፈቃዱን አይተካም።

ባዶ እጅ ጭማሪ መጠየቅ

“ኑሮ ተወደደ” እውነት ነው፤ ለሁሉም ተወዷል። አለቃው በዚያ ምክንያት ለእናንተ ብቻ ሊጨምር አይችልም።

አንዲት የኢንጂነሪንግ አንደርራይተር አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ ገባች። “ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ” አለችኝ። ወረቀቱ ላይ በዓመቱ ያወጣቻቸው ፖሊሲዎች፣ አረቦናቸው፣ የተከፈለባቸው ካሳ፣ የታደሱትና ያልታደሱት በአራት ዓምድ ተጽፈዋል። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር ነበር። ሁለት ፕሮጀክት ሳይቱን አይታ አልቀበልም ማለቷንና ሁለቱም በኋላ ትልቅ ጉዳት እንደደረሰባቸው ይናገራል። እኔ የጨመርኩት ነገር አልነበረም። ወረቀቱን እንዳለ ወደ ላይ ወሰድኩት፤ ደረጃዋ ከፍ አለ። ሌሎች ተመሳሳይ ሥራ የሠሩ ልጆች ነበሩ። አልጻፉትም፤ እኛም አላወቅንም።

ስትጽፉ ታዲያ የብር እድገት ብቻ አታቅርቡ። የንብረት ዋጋ በናረበት ዓመት አረቦን በራሱ ያድጋል፤ ሥራ አስኪያጁም ይህን ያውቃል። የፖሊሲ ቁጥርና የእድሳት መጠን ጨምሩበት። የካሳ ክፍል ከሆናችሁ ስንት ፋይል እንደዘጋችሁ፣ በስንት ቀን እንደዘጋችሁ፣ ስንቱ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት እንዳለቀ ጻፉ።

ጊዜውንም ጠብቁ። የኢንሹራንሶች የሂሳብ ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል። የቀጣዩ ዓመት የደመወዝ በጀት ከዚያ በፊት ነው የሚዘጋጀው። ብዙዎች ግን ቦነስ ሲያንስባቸው ተናደው ነሐሴና መስከረም ላይ ይመጣሉ። በጀቱ ያኔ ጸድቋል፤ የሚሰሙት መልስም “ለከርሞ” ነው። ወረቀታችሁን ሚያዝያ ላይ ለቅርብ አለቃችሁ ስጡ፣ ቅጂውን ለሰው ኃይል ክፍል አስገቡ፣ የገቢ ማኅተም አስመቱበት።